የዋላስ የፈረሰ ሠርግና የሞሱ ሰው

ጥያቄ፦ «ከዳርዊን ጋር ስሙ የሚነሳው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ሠርጉ ሲደርስ እጮኛው ጥላው እንደሄደች አነበብኩ። ከዚያ አንድ በሽተኛ የዕፅዋት ተመራማሪ ጓደኛው ሌላ ሚስት አገኘለት ይላል ጽሑፉ። እውነት ነው? ጓደኛውስ ማን ነው? ወዳጅነታቸው ከዚያ በኋላ ቀጠለ?»

ምላሽ፦

ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ሲወራ ሲወራ የጣፈጠ ነው። እጮኛዋ በእርግጥ ሄዳለች። በሽተኛው ጓደኛም ነበረ፤ ሪቻርድ ስፕሩስ ይባላል። ግን ስፕሩስ ለማንም ማንንም አላጨም። ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ የገጠር መንደር ሄዶ መኖር ነው። የሄደውም ለዋላስ ብሎ ሳይሆን ሞስ ለሚባሉት ትናንሽ ዕፅዋት ብሎ ነው።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ የዕፅዋት ሰው ደግሞ አለ፤ ዊሊያም ሚተን። እኔ የምሠራው ሞስ ላይ ስለሆነ ሚተንን ያወቅኩት ከዋላስ በፊት ነው። ሞስ ማለት ክረምት ላይ እርጥብ ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚለጠፈው ነው። አበባ የለው፣ ፍሬ የለው። የብዙ ሞሶች ሳይንሳዊ ስም መጨረሻ ላይ «ሚት.» የምትል አጭር ምልክት አለች። ስሙን ያወጣው ሚተን ነው ማለት ነው። ያቺን ምልክት ስንት ጊዜ ጽፌያታለሁ! ሰውየው የዋላስ አማት መሆኑን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዋላስ በ1862 ጸደይ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ 39 ዓመቱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ዛሬ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ በምንላቸው አገሮች ከደሴት ደሴት ሲዞር ከርሟል። ከ125,000 በላይ የነፍሳት፣ የወፍና የሌላ እንስሳ ናሙና ሰብስቧል። እዚያው ሆኖ ለዳርዊን የላከው የዝግመተ ለውጥ ጽሑፍ በ1858 ለንደን ላይ ከዳርዊን ጽሑፍ ጋር ተነቧል። በሙያው ስም አለው። ትዳር ግን የለው፣ የራሱ ቤት የለው። እህቱና ባሏ ዘንድ ተጠግቶ ነው የሚኖረው። ቁመቱ ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ሰው መሀል ወሬ የማይመጣለት ሰው ነበር።

አንድ የልጅነት ጓደኛው ቼዝ የሚጫወቱበት ቤት ይወስደዋል። ባለቤቱ አቶ ሌስሊ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ዋላስ ቼዝ ይወዳል። እየተመላለሰ ከአባትየው ጋር ይጫወት ጀመር። ታላቂቱ ልጅ ማሪዮን በዋላስ ግምት 27 ወይም 28 ዓመት ይሆናታል። ወደዳት። ግን እንዴት ይንገራት? ደብዳቤ ጻፈላት።

መልሷ እምቢታ ነበር፤ ግን ለስላሳ እምቢታ። በዚያ ላይ እየመጣህ አባቴን መጠየቅ እንዳታቆም አለችው። እሱም አላቆመም። ቼዙ ቀጠለ፣ ሻዩ ቀጠለ፣ ዋላስም ተስፋውን አልቆረጠም። ቆይቶ እንደገና ጠየቀ። እንደኛ ሽማግሌ የሚልክ የለ፤ ሽማግሌውም ሙሽራውም ራሱ ነው፣ ያውም በፖስታ። በዚህኛው ጊዜ እሺ ተባለ። አባትየው ስለ ገንዘቡ ጠየቀው፤ ለልጄ ይህን ያህል በስሟ ታደርጋለህ አለው፤ ተስማሙ። ዋላስ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየሄደ እጮኛውን ያይ ነበር። ቀኑ ተቆረጠ። የሠርግ ልብሱ ታዘዘ።

አንድ ቀን ከሰዓት እንደወትሮው ሄዶ በር አንኳኳ። ሠራተኛዋ ከፈተችለት። «የሉም፤ ዛሬ ጠዋት ሄደዋል፤ ይጽፉልዎታል» አለችው። በቃ። በማግስቱ የአባትየው ደብዳቤ መጣ፤ ልጄ እጮኝነቱ ይቅር ብላለች የሚል። ቆየት ብሎ የራሷም ደረሰው። ስለራስህና ስለቤተሰብህ አትናገርም፣ የምትደብቀው ነገር ያለህ ይመስላል፣ ልታገባት ነበር ስለምትባለው፣ ባሏ ስለሞተባት ሴትዮም አልነገርከኝም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ሴትዮዋ የዋላስ እናት ወዳጅ ናት፤ ሕንድ አገር ያገለገለ መኮንን ሚስት የነበረች፣ ተጫዋችና ወሬ የምትወድ። ዋላስ እሷን ማግባት ማለት አክስቱን ወይም አያቱን እንደማግባት ነበር የሚሆንብኝ ይላል። ማን ምን እንዳወራ እንግዲህ እርስዎም መገመት ይችላሉ።

ዋላስ ጠንከር ያለ መልስ ጻፈላት። መልስ አልመጣም። ከዚያ ቀን በኋላ አላያትም፣ ከእሷም ቃል አልሰማም። ይህ የሆነው በ1864 ነው። ከሌስሊ ቤት ጋር የነበረው ወዳጅነትም እዚያው ላይ አበቃ፤ እጮኛውን ብቻ ሳይሆን የቼዝ ጓደኛውንም አጣ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ዋላስ በ1905፣ በ82 ዓመቱ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስለተረከው ነው። ስሟን አልጻፈም፤ «ሚስ ኤል» እያለ ነው ያለፋት። አርባ ዓመት አልፎት፣ ልጆች አሳድጎ፣ ያቺን የበር ላይ ደቂቃ አልረሳትም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የልብ ሕመም ደርሶብኝ አያውቅም ነው የሚለው።

እኔ ግን ማሪዮን ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ታሪኩ የተነገረው በአንድ ወገን አፍ ነው። ደግሞስ ስለራሱ የማይናገር ሰው መሆኑን ማን ይክዳል? ወሬው ውሸት ቢሆን እንኳ የተዘራው ባዶ መሬት ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ስፕሩስ።

ስፕሩስ የዮርክሺር ሰው ነው፤ በ1817 ተወለደ። በ1849 ወደ አማዞን ሲሄድ በመርከቡ ላይ አብሮት የተጓዘው ማን መሰልዎት? የዋላስ ታናሽ ወንድም ኸርበርት። ዋላስ ከአንድ ዓመት በፊት ሄዶ እዚያው ነበር። የሁለቱ ትውውቅ ከዚያ ይጀምራል። ኸርበርት ከሁለት ዓመት በኋላ በቢጫ ወባ እዚያው ሞተ፤ ገና 22 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋላስ ራሱ ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር በንዳድ ወደቀ። ስፕሩስ ወደ እንግሊዝ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ዋላስ ሞት አፋፍ ላይ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ወዳጅነት ለንደን ውስጥ በሻይ ስኒ የተጀመረ አልነበረም።

ሁልጊዜ መሞጋገስም አልነበረም። ዋላስ በ1853 ስለ አማዞን ዘንባባዎች ትንሽ መጽሐፍ ሲያወጣ ስፕሩስ አልወደደለትም። የዛፎቹ ግንድ ከቅጠሎቹ ርዝመት ጋር ሲተያይ በጣም ወፍሯል፣ ገለጻውም አይረባም ብሎ ለሌላ የዕፅዋት ምሁር ጽፏል። ልክም ነበር። እንዲህ ያለ ጓደኛ ለሥራ ደግ ነው።

ስፕሩስ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ 15 ዓመት ቆየ። ለእንግሊዝ መንግሥት የሠራው ትልቁ ሥራ በ1860 ኢኳዶር ላይ የሲንኮና ዛፍ ዘርና ችግኝ መሰብሰብ ነው፤ ወደ 100,000 የሚጠጋ ዘርና ከ600 በላይ ችግኝ ለሕንድ ተላከ። የዛፉ ልጥ የወባ መድኃኒት ይወጣዋል፤ ኩዊኒን። እኛ እንክብሉን ሁሉ «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ወስደን ነው። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ድካም ያተረፈው በሽታ ነው። ያጠራቀመው ገንዘብም ጓያኪል ላይ ያስቀመጠበት ድርጅት ሲከስር አብሮ ጠፋ። በ1864 ወደ እንግሊዝ ሲመለስ 46 ዓመቱ ነው፤ ሰውነቱ ግን የሽማግሌ። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ እንኳ ያቅተው ነበር።

እንግዲህ በሽተኛው ሰው ይዞት የመጣው ሀብት በወረቀት የተጠቀለለ ደረቅ ሞስ ነው። ያንን ሁሉ ማን ይለየዋል? እንግሊዝ ውስጥ ይህን ሥራ የሚችል ሰው ቢፈለግ ሚተን ነው። ሚተን የሚኖረው ሰሴክስ ውስጥ፣ ከለንደን በስተደቡብ ኸርስትፒርፖይንት በምትባል መንደር ነው። ስፕሩስም ለሚተን ቅርብ ለመሆን እዚያው ሄዶ መኖር ጀመረ። ልቡ የተሰበረው ዋላስ በባቡር እየሄደ የታመመ ወዳጁን ይጠይቅ ጀመር። አየሩም ጥሩ፣ አገሩም ጥሩ። ስፕሩስ ያለበት ሲሄድ ሚተንን አገኘ። ሚተን ያለበት ሲሄድ የሚተንን ቤተሰብ አገኘ። ነገሩ ይኸው ነው።

ሚተን ፕሮፌሰር አይደለም። የመንደሩ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ባለ ሱቅ፣ የአራት ሴቶች ልጆች አባት፣ ሳይንሱን በራሱ ጥረት የተማረ። በሙያው ግን ከዓለም ዙሪያ ሞስ የሚላክለት ሰው ነበር። ከዚያችው መንደር የወጣው ጄምስ ሃኒንግተን፣ በኋላ ጳጳስ ሆኖ በ1885 ወደ ኡጋንዳ ሲሄድ የተገደለው ማለት ነው፣ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ የሰበሰባቸው ሞሶች ሳይቀሩ ሚተን እጅ ገብተዋል።

ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላሳይ። ፖስታውን ሲከፍቱት ደረቅ ሞስ የተፈጨ ሻይ ቅጠል ይመስላል። ቡናማ፣ የተኮማተረ፣ ቢተነፍሱበት የሚበን። አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ሲያደርጉበት ቅጠሎቹ ዓይንዎ እያየ ይዘረጋሉ። ከሞተ ሃምሳ ዓመት ይሁነው፣ ቅርጹ ግን ይመለሳል። አንዳንዱ ቀጭን ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህል እንክብል አለች። እንክብሏ ክዳን አላት። ክዳኑን በመርፌ ቀስ አድርገው ሲያነሱት አፏ ዙሪያ የተደረደሩ ጥርሶች ይታያሉ፤ ብዙውን ጊዜ 16 ናቸው፣ አንዳንዴ 32። ትንፋሽዎ ሲነካቸው እርጥበቱ ያንቀሳቅሳቸዋል። ይህን ሁሉ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ፖስታ ነው። ሚተን ይህን ያደረገው ከሱቁ ሥራ በተረፈው ጊዜ ነው። የስፕሩስንና የሌሎችን የደቡብ አሜሪካ ሞሶች የገለጸበት ሥራ በ1869 ሲታተም ከ600 ገጽ በላይ ሆኗል።

እንግዲህ ዋላስን እዚህ ቤት ውስጥ አስቡት። ለንደን ላይ ችግሩ ወሬ ነበር፤ ስለራስህ ተናገር፣ ስለቤተሰብህ ተናገር። እዚህ ማንም ስለራሱ አይጠይቀውም። እዚህ የሚጠየቀው «ይህን ኦርኪድ የት አገኘኸው?» ተብሎ ነው። የሚተን ቤት ሰዎች በሙሉ አበባ የሚወዱ ናቸው። አካባቢው ኮረብታና ጫካ ነው፤ ኖራማው ኮረብታ ላይ የዱር ኦርኪድ ይበቅላል፣ አንዳንዱ ቁርጥ ንብ የሚመስል። አብረው ይወጡ ነበር፤ አባት፣ ልጆች፣ እንግዳው። ዋላስ ራሱ ያቀራረበን የተፈጥሮ ፍቅር ነው ብሎ ጽፏል። እኔም አምነዋለሁ። መስክ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው አንድ ቅጠል ላይ ጎንበስ ሲል ዓይን አፋርነት የሚባል ነገር አይኖርም።

በኤፕሪል 1866 ዋላስ የሚተንን የመጀመሪያ ልጅ አኒን አገባ። እሱ 43 ዓመቱ ነው፤ እሷ ወደ 20። በዛሬ ዓይን ስናየው ልዩነቱ ይከነክናል፤ ይከንክን። አስቂኙ ነገር ደግሞ አማትና አማች እኩዮች መሆናቸው ነው። ሚተን በኖቬምበር 1819 ተወለደ፣ ዋላስ በጃንዋሪ 1823። ሦስት ዓመት ከምናምን ነው ልዩነታቸው። ስለዚህ ዋላስ ያገባው የጓደኛውን ልጅ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

አንድ ነገር በመሀል ልጨምር። እጮኛው ስትተወው ተሰብሮ ወደ መናፍስት ጠሪዎች ገባ የሚል ነገር አንዳንድ ቦታ ይነበባል። የመጀመሪያውን ስብሰባ የተካፈለው በጁላይ 1865 ነው፤ ጊዜው ስለሚቀራረብ ነው ሁለቱን የሚያያይዙት። እኔ አይጥመኝም። ዋላስ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌሎች የሚያፌዙበትን ነገር ራሱ ካልሞከረው የማይተው ሰው ነበር፤ ገና አስተማሪ ሳለ ተማሪዎቹን በዓይኑ እያፈዘዘ ሲሞክር የነበረ ነው። ለዚህ የተሰበረ ልብ አያስፈልገውም።

ወዳጅነቱ ቀጠለ ወይ ብለው ነበር የጠየቁት። ቀጠለ፤ ያውም እስከ መቃብር።

በመጀመሪያ ከሚተን ጋር ያለውን ልንገርዎት። ዋላስና አኒ የመጀመሪያ ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ኸርስትፒርፖይንት ሄደው ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ። ስለ ማሌይ ደሴቶች የጻፈውን ታዋቂ የጉዞ መጽሐፉን የሠራው እዚያ ነው። ከጉዞው ተመልሶ ስድስት ሰባት ዓመት ሲያንቀላፋ የቆየ መጽሐፍ ነው፤ በ1869 ወጣ። መታሰቢያነቱ ለዳርዊን ነው፣ ጠረጴዛው ግን የሚተን መንደር። ያ የመጀመሪያ ልጅ ወንድ ነበር፤ በ1874፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ዋላስ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስለዚህ ብዙ አይናገርም። ስለ ማሪዮን ገጽ ሙሉ ጽፎ ስለ ልጁ ዝም ማለቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዋላስ ቤት ሲቀያይር የኖረ ሰው ነው፤ በሄደበት ሁሉ ግን የመጀመሪያ ሥራው አትክልት መትከል ነበር። ጎዳልሚንግ ላይ በነበረው ቤት ግቢው ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት ነበረው። አኒም የአባቷ ልጅ ናት፤ አበባውን ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። በ1895 ዋላስና ሚተን ሁለቱ ብቻ ሆነው ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ ዕፅዋት ለማየት። ዋላስ 72 ዓመቱ ነው፣ ሚተን 75። አማትና አማች በዚያ ዕድሜ ተራራ ላይ ቅጠል ፍለጋ! ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህ ትዝ ይለኛል። ሚተን በ1906 እዚያችው መንደር ሞተ። የሰበሰባቸው ወደ 50,000 የሚጠጉ ናሙናዎች ወደ ኒው ዮርክ ዕፅዋት ማዕከል ተሸጡ፤ አሁንም እዚያ አሉ።

ስፕሩስ ኸርስትፒርፖይንት የቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ትውልድ አገሩ ዮርክሺር ተመለሰ። በትንሽ የመንግሥት ጡረታ፣ አንዲት ጠባብ የገጠር ቤት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ተጋድሞ ኖረ። አላገባም። ከሞስ ጋር የሚዛመዱ ሌሎች ትናንሽ ዕፅዋት ላይ ያዘጋጀው ትልቅ ሥራ በ1884 እና በ1885 ታተመ። ለምን እንዲህ ለሰው የማይጠቅም ነገር ላይ ዕድሜህን ትጨርሳለህ ለሚሉት መልስ ነበረው፤ አይበሉም፣ አይታከሙባቸውም፣ ግን በራሳቸው ውብ ናቸው፣ በተፈጠሩበት ቦታ ደግሞ ይጠቅማሉ የሚል። በ1893 መጨረሻ ሞተ።

ወረቀቶቹ ግን ተበትነው ነበር። የጉዞ ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ሥዕል፣ ግማሹ ያልተጨረሰ። ስፕሩስ በሕይወት እያለ ስለ ጉዞው መጽሐፍ ለመጻፍ አቅም አላገኘም። ሥራውን የወሰደው ዋላስ ነው። የራሱ ጉዳይ ሞልቶት፣ እርጅና ተጭኖት፣ የሟቹን ማስታወሻ እየለቀመ፣ እየቆረጠ፣ የጎደለውን በደብዳቤ እየሞላ ሁለት ጥራዝ አደረገው። መጽሐፉ በ1908 ወጣ። ደራሲው ሪቻርድ ስፕሩስ ይላል፤ የዋላስ ስም ከታች፣ በአዘጋጅነት። ዋላስ ያኔ 85 ዓመቱ ነበር።